ከአየር ወደ ብረት ሞላ፦ ነባሩ ሬንጅ ሮቨር ለምን ወደ ቀላሉ ሥርዓት ይመለሳል?

የመኪና ሳስፔንሽን ሁለት ዋና ተግባራት አሉት። ጎማው ከመንገዱ እንዳይለቅ ይይዛል፤ የመንገዱ ጉድጓድ የሚፈጥረውን ንዝረትም ተሳፋሪው ዘንድ ከመድረሱ በፊት ያለዝባል። ይህን ሥራ የብረት ሞላም፣ ባሌስትራም፣ የታመቀ አየርም ሊሠሩት ይችላሉ። ልዩነታቸው ጎልቶ የሚታየው መኪናው ከጋራዥ ርቆ በገጠር መንገድ ላይ ሲበላሽ ነው። የመጀመሪያው ትውልድ ሬንጅ ሮቨር ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው።

መኪናው በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1970 ለገበያ ሲቀርብ በአራቱም ጎማዎቹ ላይ ጥምዝ የብረት ሞላ ነበረው። በዘመኑ የነበሩት የገጠር መኪኖች በአብዛኛው በባሌስትራ ላይ የቆሙ በመሆናቸው፣ በእርሻ መሬትም በአስፋልትም የሚመች ጉዞ በማስገኘቱ ተወደደ። እ.ኤ.አ. በ1992 ግን በአንዳንድ ሞዴሎቹ ላይ ሞላው ቀርቶ በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ የአየር ሳስፔንሽን ተገጠመ።

በአዲሱ ሥርዓት ኮምፕሬሰር አየር አምቆ ወደ ማጠራቀሚያ ይልካል። ቫልቮች አየሩን በየጎማው ወዳሉት የላስቲክ ከረጢቶች ያከፋፍላሉ። ሴንሰሮች የመኪናውን ከፍታ ይለካሉ፤ ኮምፒውተሩም አየር እንዲጨመር ወይም እንዲቀነስ ያዛል። በዚህም መኪናው ጭነት ሲበዛበት ከኋላ አይዘቅጥም፤ በአስቸጋሪ መንገድ ላይም ከፍ ይላል።

ችግሩ የሚመጣው ከዕድሜ ጋር ነው። ላስቲኩ ይሰነጠቃል፤ የቫልቮቹ ማሸጊያ ቀለበቶች ይደርቃሉ፤ አየርም መሹለክ ይጀምራል። ኮምፕሬሰሩ የሾለከውን ለመተካት ያለ ዕረፍት ሲሠራ ራሱ ይጎዳል። በመጨረሻም አካሉ ወደ ጎማዎቹ ወርዶ መኪናው ለጉዞ የማይመች ይሆናል። ስለዚህ በርካታ ባለቤቶች ከረጢቶቹን አውጥተው የብረት ሞላና መቀመጫዎቹን ያስገጥማሉ። ኮምፒውተሩም ስህተት እያነበበ የማስጠንቀቂያ መብራት እንዳያበራ ከሥርዓቱ ይለያል።

ይሁን እንጂ ለውጡ ዋጋ ያስከፍላል። ከፍታን እንደ ፍላጎት መቀያየርና ከባድ ጭነት ሲኖር ራስን ማስተካከል አብረው ይቀራሉ። የሞላው ጥንካሬም መኪናው ዘወትር ከሚሸከመው ክብደት ጋር መመጣጠን አለበት። የላላ ሞላ ጭነት ሲበዛበት ይዘቅጣል፤ የጠነከረ ሞላ ደግሞ ባዶውን መኪና ያነጥረዋል። ሞላዎች በአንድ አክስል ላይ በጥንድ ይቀየራሉ፤ አሞርዛተሮቹም ከሞላው ጋር የሚስማሙ መሆን ይገባቸዋል። መኪናው ከፍ ካለ የፍሬን ቱቦዎቹ ርዝመት መበቃቱን ማረጋገጥ ግድ ነው፤ የተወጠረ ቱቦ በቁልቁለት ላይ ሕይወት ያስከፍላልና።

በሥራው ወቅት ትልቁ አደጋ ከመኪናው በታች ነው። አየሩ ሲለቀቅ አካሉ በድንገት ሊወርድ ስለሚችል፣ በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር መግባት አይገባም። ሻንሲው በጠንካራ ድጋፍ ላይ ማረፍ፣ የታመቀው አየርም ቱቦ ከመፈታቱ በፊት መውጣት አለበት።

በአገራችን የገጠር መንገዶች ላይ የሚታየው የቶዮታ ላንድ ክሩዘር 70 የከባድ ሥራ ሞዴል የኋላ ጎማዎቹ እስካሁን በባሌስትራ ላይ ናቸው። ጉዞው የሚያንገጫግጭ ቢሆንም፣ የተሰበረ ቅጠል በቅርብ ከተማ ሊጠገን ይችላል። ወላድ እናትን ወደ ጤና ጣቢያ ለሚያደርስ ወይም ማዳበሪያ ለሚጭን መኪና፣ ከምቾቱ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ሲበላሽ በአቅራቢያ ማን ይጠግነዋል የሚለው ነው።