ለስታቲስቲክስ ሶፍትዌር የሚደረግ ራስ-ሰር ሙከራ፦ ምንነቱና አስፈላጊነቱ

የአንድ ከተማ የሕዝብ ብዛት፣ የተማሪዎች ቅበላ ወይም የመጠጥ ውሃ ሽፋን አኃዝ ለዕቅድና ለበጀት ድልድል መሠረት ነው። አኃዙ ግን በባለሙያው ጥንቃቄ ላይ ብቻ ሳይሆን በሚጠቀምበት ሶፍትዌርና ሶፍትዌሩ በተጫነበት ስርዓተ ክወና ላይም ይመሠረታል። አንድ ፋይልና አንድ ትእዛዝ በየትኛውም ኮምፒውተር ላይ ተመሳሳይ ውጤት መስጠታቸውን ኮምፒውተሩ ራሱ በየጊዜው እንዲያረጋግጥ የማድረግ አሠራር ራስ-ሰር ሙከራ ይባላል።

ችግሩ እንዴት ይፈጠራል?

አር የተባለው ነጻ የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ላይ ይሠራል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ውስጥ ቢካተትም፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የአር 4.2 እትም እስከወጣበት ጊዜ ድረስ የዊንዶውሱ አር ፊደሉን በአግባቡ አያስተናግድም ነበር። በሊኑክስ ላይ «ደሴ» ተብሎ በትክክል የሚጻፈው ስም በዊንዶውስ ላይ ወደ ቁጥራዊ ኮዶች ተለውጦ ሊቀመጥ ይችል ነበር።

ምሳሌ ከደሴና ከኮምቦልቻ

በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ መሠረት ደሴ 72,932 ወንዶችና 78,242 ሴቶች፣ በድምሩ 151,174 ነዋሪዎች ነበሯት። ኮምቦልቻ ደግሞ 41,968 ወንዶችና 43,399 ሴቶች፣ በድምሩ 85,367 ነዋሪዎች ነበሯት። የሁለቱ ድምር 236,541 ነው።

ይህ ሰንጠረዥ በከተማ ስም አማካይነት ከሌላ ሰንጠረዥ ጋር ይጣመራል እንበል። በሁለቱም ፋይሎች ኮምቦልቻ በላቲን፣ ደሴ በግዕዝ ፊደል ተጽፈዋል፤ ከፋይሎቹ አንዱ ግን በቆየ የዊንዶውስ አር ተዘጋጅቶ «ደሴ» ወደ ኮድ ተለውጧል። የአር መደበኛ የማጣመሪያ ትእዛዝ ያልተዛመዱ ረድፎችን ያለማስጠንቀቂያ ስለሚተው፣ ድምሩ 85,367 ብቻ ይሆናል። ደሴ ከነነዋሪዎቿ ከሪፖርቱ ትወጣለች፤ ሰንጠረዡ ግን እንከን የሌለው ይመስላል።

ሙከራው እንዴት ይሠራል?

ባለሙያው ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ አጭር ስሌት ይጽፋል፤ ለምሳሌ «የሁለቱ ከተሞች ድምር 236,541 መሆን አለበት» የሚል። ፕሮግራሙ በተሻሻለ ቁጥር ስሌቱ በሦስቱም ስርዓተ ክወናዎች ላይ በራሱ ይካሄዳል። ውጤቱ በአንዱ ላይ ከተለየ፣ ሥራው ይቆምና ስህተቱ የተገኘበት ቦታ ይገለጻል።

ክራን የተባለው የአር ጥቅሎች ማከማቻም ጥቅሎቹን በእነዚሁ ስርዓተ ክወናዎች ላይ በየጊዜው ይፈትሻል። ስህተት ሲገኝ ለአዘጋጁ ቀነ ገደብ ይሰጠዋል፤ ካልታረመ ጥቅሉ ከማከማቻው ይነሣል። ይህ ፍተሻ ግን በየመሥሪያ ቤቱ የሚጻፉ ፕሮግራሞችንና በአማርኛ የተሞሉ ፋይሎችን አይሸፍንም።

ባለሙያዎች ምን ማድረግ ይገባቸዋል?

• ሰንጠረዦችን በቦታ ስም ሳይሆን በቦታ መለያ ቁጥር ማጣመር፤
• አር 4.2ን ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ እትም መጠቀም፤
• በሙከራው ውስጥ በግዕዝ ፊደል የተጻፉ ስሞችን ማካተት፤
• ከማጣመር በፊትና በኋላ የረድፎችን ብዛትና ጠቅላላ ድምሩን ማመሳከር፤
• የተጠቀሙበትን ሶፍትዌር እትምና ስርዓተ ክወና በሪፖርቱ ላይ መመዝገብ።

እነዚህን ጥንቃቄዎች መውሰድ የሚጠይቀው ጊዜ አነስተኛ ሲሆን፣ የአንድ ከተማ ነዋሪዎች ሳይታወቅ ከዕቅድ ውጭ እንዳይሆኑ ይረዳል።