ከሻርቅ እስከ ሙጥላዕ፤ በብርድ ወራት ከዋክብትን ለማየት ስለሚደረግ የአንድ ሌሊት ጉዞ

በኩዌት ከተማ ውስጥ ብዙዎቻችን የምንመላለስበት ሻርቅ የሚባል ሰፈር አለ። ቃሉ በዐረብኛ «ምሥራቅ» ማለት ነው። በግዕዝም «ሠረቀ» ወጣ፣ በራ ማለት ሲሆን «ምሥራቅ» የሚለው ቃላችን ከዚሁ የመጣ ነው፤ የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንትም የአዲስ ጨረቃን መውጫ «ሠርቅ» ይሉታል። ይሁን እንጂ ስሙ የብርሃናትን መውጫ በሚያመለክተው በዚህ ሰፈር ቆመን ወደ ላይ ብናንጋጥጥ ከጥቂት ደማቅ ከዋክብት በቀር የምናየው የለም። የሕንፃዎቹና የጎዳናዎቹ መብራት ሰማዩን ጋርዶታል።

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣን ባለፈው የብርድ ወቅት አሥር የምንሆን ተማሪዎች ከሻርቅ ተነሥተን ያደረግነው የአንድ ሌሊት ጉዞ ነው። ዓላማችን ሽርሽራችንን ለመተረክ አይደለም። ሰማይን በጥቂቱም ቢሆን ማንበብ የተማረ ሰው ከአገሩ ምን ያህል እንደራቀ ያለ አንዳች መሣሪያ በገዛ እጁ ሊለካ እንደሚችል፣ ትተነው የመጣነው ሰማይም ከዚህኛው የበለጠ ሀብት እንደሆነ ለአንባብያን ለማስረዳት ነው።

1. ተራራ በሌለበት አገር

በመሠረቱ ኩዌት ተራራ የላትም። ከፍተኛው መሬቷ በምዕራብ ጠረፍ በኩል ሲሆን ከባሕር ወለል በላይ 300 ሜትር ያህል ነው። በሻርቅ የሚገኘው አል-ሐምራ ሕንፃ ከ410 ሜትር በላይ ስለሚረዝም የአገሪቱ ሰው ሠራሽ ከፍታ የተፈጥሮውን ይበልጣል። ከደጋ ለመጣን ሰዎች ይህ የሚያስቅ ነገር ነው። ሆኖም ከከተማው በስተሰሜን ምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ከባሕረ ሰላጤው በላይ እንደ ግንብ የተዘረጋ ሸንተረር አለ። ጃል አዝ-ዞር ይባላል፤ መንገዱ የሚያልፍበት ክፍል ደግሞ ሙጥላዕ ነው። ከፍታው 145 ሜትር ገደማ ብቻ ቢሆንም ከጀርባው ለሚቆም ሰው ከዋናው ከተማ መብራት በከፊል ይከልላል። ይሁንና በዚያው አካባቢ አዲስ የመኖሪያ ከተማ ስለተሠራ ሙጥላዕ ራሱ እንደ ቀድሞው ጨለማ አይደለም። በመሆኑም ሸንተረሩን አልፈን ወደ ሰሜን በገፋን መጠን ሰማዩ ይጠራል።

2. ወቅቱና ሌሊቱ እንዴት ይመረጣል?

በአገራችን ሰማይ የሚጋረደው በክረምት ዝናብ ነው። እዚህ ግን የበጋው ሙቀትና አቧራ ነው የሚጋርደው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 21 ቀን 2016 በሰሜን ምዕራብ ኩዌት በሚጥሪባ የተመዘገበው ሙቀት 53.9 ዲግሪ ነበር፤ በእንዲህ ያለ ወቅት ሜዳ ላይ ማደር የሚታሰብ አይደለም። ኩዌታውያን ድንኳን ይዘው ወደ በረሃ የሚወጡት ከኖቬምበር አጋማሽ እስከ ማርች አጋማሽ ባሉት የብርድ ወራት ነው። ሌሊቱ ይረዝማል፤ ዝናብ ጥሎ ባባራ ማግስትም አየሩ ታጥቦ ይጠራል።

ቀጥሎ የሚመረጠው ጨረቃ የሌለችበት ሌሊት ነው። ለዚህ ደግሞ በዚህ አገር በየግድግዳው የተሰቀለው የሂጅራ ቀን መቁጠሪያ ይበቃል፤ ወሩ በጨረቃ የሚቆጠር በመሆኑ ከወሩ 25ኛ ቀን እስከ ተከታዩ ወር 4ኛ ቀን ያሉት ሌሊቶች አብዛኛው ክፍላቸው ጨለማ ነው። ከመካከላችን በቤተ ክህነት አበቅቴ ያሰላ ካለም ያንኑ ውጤት ያገኘዋል። እዚህ ላይ በቀን መቁጠሪያቸው በመላው ባሕረ ሰላጤ የታወቁትን ኩዌታዊውን የከዋክብት ሊቅ ሳሌሕ አል-ዑጀይሪን (1920–2022) ማንሣት ይገባል። አንድ ሰው ዕድሜ ልኩን በትጋት ቢሠራ ለሕዝቡ ምን ሊያበረክት እንደሚችል ሥራቸው ምስክር ነው።

3. ከጉዞው በፊት መታወቅ ያለባቸው አደጋዎች

አንደኛ፣ ከሰል። በጉዟችን ሌሊት ነፋሱ ሲበረታ ፍሙን ከነማንደጃው ወደ ድንኳኑ አስገባነው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አንዱ ጓዳችን ራሱን አመመው፤ ሌላው ደግሞ ሲነሣ እግሩ ከዳው። ደግነቱ ሌሎቻችን ከውጭ ስለነበርን በፍጥነት አወጣናቸው። የከሰል ጭስ ባይታይና ባይሸትም ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ጋዝ ደሙ ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል፤ የተኛ ሰው ደግሞ ሳይነቃ ይሞታል። ስለዚህ ከሰል በምንም ምክንያት ወደ ድንኳን ወይም ወደ መኪና አይገባም። ብርድ የሚመለሰው በብርድ ልብስ፣ በጋቢና በቴርሞስ በያዝነው ሻይ ነው። በጃንዋሪ ሌሊት ከከተማ ውጭ ቅዝቃዜው ወደ ዜሮ ሊጠጋ ስለሚችል ይህ እንደ ቀላል ነገር መታየት የለበትም።

ሁለተኛ፣ የጦርነት ቅሪት። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1991 ከኩዌት ይሸሽ የነበረው የኢራቅ ጦር በአየር የተደበደበበት አውራ ጎዳና የሚያልፈው በዚሁ በሙጥላዕ ነው። ፈንጂ በብዛት ቢለቀምም ያልፈነዳ ነገር በአሸዋው ውስጥ ሊኖር ይችላል። በመሆኑም መኪና ከሄደበት መንገድ አለመውጣትና የወደቀ ብረት አለመንካት ግዴታ ነው።

ሦስተኛ፣ ፈቃድ። ድንኳን የሚተከለው ማዘጋጃ ቤቱ በወሰነው ስፍራና ጊዜ ነው። የሸንተረሩም ከፊል የታጠረ የተፈጥሮ ጥብቅ ክልል ነው። የሲቪል መታወቂያችንን ሳንይዝ መውጣት የለብንም።

4. የሰሜን ኮከብና የአገራችን ርቀት

ቦታው ከተያዘ በኋላ ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ያስፈልጋል። በዚህ መካከል አንድ ሰው ስልኩን ቢከፍት የሁሉም ድካም ከንቱ ይሆናል።

በመጀመሪያ የሰሜን ኮከብን እንፈልግ። በምሽቱ መጀመሪያ አምስት ከዋክብት ተሰካክተው የሠሩትን ካሲዮፔያ የተባለ ምልክት በሰሜን ምዕራብ ከፍ ብሎ እናገኛለን፤ የሰሜን ኮከብ ከእርሱ በታች ወደ ሰሜን ነው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ደግሞ ሰባት ከዋክብት ያሉት ትልቅ ጭልፋ በሰሜን ምሥራቅ ከፍ ይላል። በጭልፋው አፍ ጫፍ ያሉትን ሁለት ከዋክብት የሚያገናኘውን መስመር አምስት እጥፍ ብናስረዝመው በቀጥታ ወደ ሰሜን ኮከብ ያደርሰናል።

አሁን ክንዳችንን ዘርግተን ጡጫችንን እንጨብጥ። በተዘረጋ ክንድ ላይ ያለ ጡጫ ወርዱ 10 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከአድማስ እስከ አናታችን ዘጠኝ ጡጫ ይሆናል። የሰሜን ኮከብ ከአድማስ ያለው ከፍታ እኛ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ከራቅንበት ዲግሪ ጋር እኩል ነው ለማለት ይቻላል። ኩዌት 29 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ኮከቡ ሦስት ጡጫ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ይታያል። አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ላይ በመሆኗ እዚያ አንድ ጡጫ እንኳ አይሞላም። በጎንደር አንድ ጡጫና ጥቂት፣ በሞያሌ ሁለት ጣት ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ በኩዌትና በአዲስ አበባ መካከል ያለው ልዩነት ሁለት ጡጫ፣ ማለትም 20 ዲግሪ ነው። በምድር ላይ አንዱ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚሆን ወደ ሰሜን ከ2,200 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀን እንገኛለን። ከመካከላችን ይህን ስሌት ጨርሶ እጁን ዝቅ ሲያደርግ ዝም ያላለ አልነበረም።

ይህ ዘዴ ለዚህ አገር ባዕድ አይደለም። ነዳጅ ከመገኘቱ በፊት ከዚሁ ዳርቻ የሚነሡ ጀልባዎች እስከ ህንድና እስከ ዛንዚባር ይጓዙ ነበር። የዐረብ ባሕረኞች የኮከቡን ከፍታ በጣት ይለኩ ነበር፤ መለኪያውንም «ኢስባዕ» ይሉታል፤ በግዕዝ «አጽባዕት» የምንለው ማለት ነው። ወደ ምሥራቅ አፍሪካ በቀረቡ መጠን ኮከቡ ዝቅ ይል፣ ከምድር ወገብ ሲያልፉም ከዓይናቸው ይሰወር ነበር።

5. በደቡብ በኩል የሚታየውና የማይታየው

ፊታችንን ወደ ደቡብ ስንመልስ ነገሩ ይገለበጣል። ከሰማይ ከዋክብት በድምቀቱ ሁለተኛ የሆነው ሱሃይል በኩዌት ከፍ ብሎ ቢታይ 8 ዲግሪ፣ ከአንድ ጡጫ ያነሰ ነው፤ በጃህራ መብራት አናት ላይ ሲንቀጠቀጥ አይተነዋል። በአዲስ አበባ ግን ሦስት ጡጫ ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ከፍ ይላል። የባሕረ ሰላጤው ሕዝብ ይህን ኮከብ በናፍቆት ይጠብቀዋል፤ በሴፕቴምበር መጀመሪያ ጎሕ ሲቀድ ብቅ ማለቱ የሙቀቱን መገባደድ ያበሥራልና። ይህም የእኛ አዲስ ዓመት ዋዜማ መሆኑን ልብ ይሏል።

የደቡብ መስቀል የሚባሉት አራት ከዋክብት ደግሞ ከኩዌት ፈጽሞ ሙሉ ሆነው አይታዩም፤ የታችኛው ኮከብ ከአድማስ በታች ይቀራል። በአገራችን ግን የሰሜን ኮከብንም የደቡብ መስቀልንም ከአንድ ኮረብታ ላይ ሆኖ ማየት ይቻላል። ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆናችን በዓመት ውስጥ ከሰማይ የሚሰወርብን ክፍል እጅግ ጥቂት ነው። የአውሮፓ ተማሪ በመጽሐፍ ብቻ የሚያውቀውን የሰማይ ክፍል የእኛ እረኛ በየዓመቱ ያየዋል።

6. የኋላ ዘመን ብርሃን

በአናታችን አካባቢ ተሰብስበው የሚታዩት ሰባቱ ከዋክብት 440 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃሉ። ስለሆነም ዛሬ ዓይናችን ውስጥ የሚገባው ብርሃን ከዚያ የተነሣው በ16ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ፣ በአፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን ነው። በምሽቱ መጀመሪያ እንደ ደብዛዛ ጉም የምትታየው አንድሮሜዳ ደግሞ ራሷን የቻለች ጋላክሲ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ964 ገደማ አል-ሱፊ የተባለው ሊቅ «ትንሽ ደመና» ብሎ መዝግቧታል። ብርሃኗ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ተጉዟል። ሲነሣ በአፋር በጎና የነበሩት ጥንታውያን ድንጋይ ጠርበው መሣሪያ መሥራት ከጀመሩ ብዙም አልቆየም ነበር፤ በዚያ የተገኙት መሣሪያዎች ዕድሜ 2.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነውና።

7. መውጣት የማይችሉትስ?

በዚህች ከተማ ያሉ አብዛኞቹ ወገኖቻችን ተማሪዎች ሳይሆኑ በየቤቱ የሚሠሩ እህቶቻችን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የኩዌት የቤት ሠራተኞች ሕግ የሳምንት የዕረፍት ቀን ቢደነግግም ለአንድ ሌሊት ወደ በረሃ መውጣት ለብዙዎቹ የማይታሰብ ነው። ሆኖም ልብስ ለማስጣት ወደ ጣሪያ የወጣች እህት የሰሜን ኮከብን ከዚያው ሆና ልታየው፣ በጡጫዋም ልትለካው ትችላለች፤ ለዚህ መኪናም ቴሌስኮፕም አያስፈልጋትም። ሰዓታችንም ከአገር ቤት ጋር አንድ ነው፤ ግን ኩዌት ወደ ምሥራቅ ስለምትገኝ በኦሪዮን መቀነት ላይ ያሉት ሦስቱ ከዋክብት እዚህ በትክክል በደቡብ ሲቆሙ አዲስ አበባ ላይ እንዲሁ የሚቆሙት ከ37 ደቂቃ ገደማ በኋላ ነው። እናቷ ጋ የደወለች ልጅ «እኔ ያየሁትን ኮከብ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ውጪና እዪው» ልትል ትችላለች። የተማርነውን ለእነርሱ ካላካፈልን የእኛ ጉዞ ሽርሽር ብቻ ሆኖ ይቀራል።

8. የአገር ቤት ሰማይ

ኢትዮጵያ ውስጥ በዚህ ረገድ የተጀመረ ሥራ አለ። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2004 ተቋቋመ፤ በ2015 ደግሞ በእንጦጦ በ3,200 ሜትር ከፍታ ላይ ባለ አንድ ሜትር መስተዋት ሁለት ቴሌስኮፖች ያሉት ማዕከል ተከፈተ። ይሁንና የአዲስ አበባ መብራት እንጦጦን እያገኘው ነው፤ የላሊበላ አካባቢ ተራሮች ለተሻለ መመልከቻ ጣቢያ የተጠኑትም የተሻለ ጨለማ በመፈለግ ነው። ከ4,200 ሜትር በላይ የሆነው አቡነ ዮሴፍ የሚገኘው በዚያው ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ጨረቃ ፀሐይን እንደ ቀለበት ስትከልላት የጥላዋ መንገድ ያለፈውም በላሊበላ ላይ ነበር።

በሙጥላዕ ያየነው ትምህርት ግልጽ ነው። ጨለማ ሰማይ አንዴ ከጠፋ በገንዘብ የሚመለስ ነገር አይደለም፤ የሻርቅ ነዋሪ አያቶቹ መርከብ የነዱበትን ሰማይ ለማየት ዛሬ መኪና አስነሥቶ በረሃ መግባት አለበት። እኛ ግን ገና አላጠፋነውም። መንገድና ከተማ በሚሠራበት ጊዜ መብራቱ ወደ ምድር እንጂ ወደ ሰማይ እንዳይበራ ማድረግ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ነገር ነው፤ ምህንድስና የምታጠኑ ጓደኞቻችን ይህን ልታስቡበት ይገባል። ዕረፍቱን በአገር ቤት የሚያሳልፍ ሁሉ ደግሞ አንድ ሌሊት ቢያንስ በአቅራቢያው ካለ ተራራ ወጥቶ ይደር፤ የሰሜን ኮከብን በጡጫው ይለካ፤ ከዚህ የተለካውንም ከዚያኛው ጋር ያስተያይ።

ለዚህ ዓመት የብርድ ወቅት የምንወጣበት ሌሊት ሲወሰን በማኅበሩ የማስታወቂያ ሰሌዳ እንገልጻለን። ጋቢና ቆሎ ያዙ፤ ከሰሉን ግን ከድንኳን ውጭ ተዉት።