የክረምት ዕረፍትና የሸክላ ትምህርት በወለቃ

ትምህርት ቤት በክረምት ሲዘጋ ልጅ በቤት ምን ይማራል? ይህን ለመረዳት የወለቃን የሸክላ ሥራ እንመለከታለን።

ወለቃ ከጎንደር ከተማ በስተ ሰሜን፣ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ መንደር ናት። በዚያ ይኖሩ ከነበሩት ቤተ እስራኤል ወንዶቹ ብረት በመቀጥቀጥና ሸማ በመሥራት፣ ሴቶቹ በሸክላ ሥራ የታወቁ ነበሩ። ሙያው ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፍ ነበር። የሸክላ ሠሪዋ መሣሪያ እጅዋ ስለ ሆነ፣ ትምህርቱም በማየትና በመሞከር የሚገኝ ነው።

የዚህ ትምህርት ወራት ግን ከትምህርት ቤቱ ወራት ጋራ አይስማማም። ረጅሙ ዕረፍት በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ በዚያን ጊዜ በዝናቡ ምክንያት ሸክላው ቶሎ አይደርቅም። በደንብ ያልደረቀ ሸክላ ከእሳት ሲገባ፣ በውስጡ ያለው ውሃ እንፋሎት ሆኖ ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ በክረምት ልጅቱ ጭቃ ማቡካትንና ጀበና ወይም ድስት ማበጀትን ትለማመዳለች፤ የመተኮሱ ትምህርት በጋን ይጠብቃል። በበጋ ደግሞ ውሎዋ ከትምህርት ቤት ነው።

በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተደረጉት ታላላቅ ጉዞዎች አያሌ ቤተ እስራኤል ወደ እስራኤል ሄዱ፤ ከአስተማሪዎቹ እናቶች ብዙዎቹም አብረው ሄዱ። የእጅ ሙያ ሰው ለሰው ካላቀበለው ይጠፋል። እንግዲህ ዛሬ ይህን ሙያ ለልጆቻቸው ለሚያስተምሩ ቤተ ሰቦች፣ በበጋ የሚውለው አጭሩ የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ለመተኮሱ ትምህርት ከሁለቱ የክረምት ወራት ይልቅ ይጠቅማል እንላለን።