እንዶድና የዓድዋ ቀንድ አውጣዎች

ተማሪዎቼ «ምርምር ከየት ይጀመራል?» ሲሉኝ ወደ ዓድዋ ወንዝ ዳር እወስዳቸዋለሁ፤ በወሬ ማለቴ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1964 ወጣቱ ዶክተር አክሊሉ ለማ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎችን ሊያጠኑ እዚያ ነበሩ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ። በሕይወት ያሉትን ሰብስበው የእንዶድ አረፋ ቢያስጨምሩባቸው እነሱም ሞቱ።

ምክንያቱ እነሆ። የቢልሃርዚያ ትል በሰው ቆዳ ከመግባቱ በፊት ቀንድ አውጣ ውስጥ መራባት አለበት። ቀንድ አውጣው ከጠፋ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። በእንዶድ ፍሬ ውስጥ ያለው ሳፖኒን፣ ያው አረፋ የሚያወጣው ነገር፣ ቀንድ አውጣውን ይገድላል። ሳፖኒኑ ራሱ ውሃ ውስጥ ብዙ ሳይቆይ ይፈራርሳል። ዓሣንም ስለሚጎዳ ግን «ተፈጥሯዊ ነው» ብሎ እንዳሻን መድፋት አይቻልም፤ መጠኑን ማወቅ የላቦራቶሪ ሥራ ነው።

አድካሚው ክፍል የመጣው ከግኝቱ በኋላ ነው። የመርዛማነት ፍተሻው ዓመታት ፈጀ። የአክሊሉ ባልደረባ ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በበኩላቸው ከየቦታው እንዶድ ሰብስበው እያወዳደሩ «ዓይነት 44» የተባለውን መረጡ። እ.ኤ.አ. በ1989 ሁለቱ «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት ተጋሩ።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ በአሜሪካ፣ ኦሃዮ፣ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ከአክሊሉ ጋር ሆነው እንዶድ የውሃ ቱቦ የሚደፍነውን፣ «ዜብራ መስል» የተባለውን ባለ ዛጎል የውሃ እንስሳ እንደሚገድል አሳዩ። የዚህ አጠቃቀም ፓተንት የተመዘገበው በቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ስም ነው። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግር ክፍሉ ጸጥ ይላል።