ፈሳሽ ሳሙናን አውቆ ስለ መግዛትና ቆጥቦ ስለ መጠቀም

ፈሳሽ ሳሙና ከየሱቁ መደርደሪያና ከየቤቱ ማድ ቤት የማይታጣ ሸቀጥ ሆኗል። ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ ገዢው በውፍረቱና በአረፋው፣ ሻጩም በቀለሙና በሽታው ብቻ ስለሚመዝነው ሁለቱም ወገኖች ሳያውቁት ይጎዳሉ። ስለዚህ አስመጪውም ሆነ ባለሱቁ ለደንበኛው በቂ መልስ እንዲኖረው በማለት ስለዚህ ዕቃ ጠባይና አጠቃቀም ጥቂት ቃል እናቀርባለን።

በመጀመሪያ ስሙን ከግብሩ መለየት ያስፈልጋል። እውነተኛው ሳሙና ስብ ወይም ዘይት ከአልካሊ ጋራ ተዋሕዶ የሚገኝ ነው፤ በኮስቲክ ሶዳ የተሠራው ደረቅ፣ በኮስቲክ ፖታሽ የተሠራው ደግሞ ለስላሳ ወይም ፈሳሽ ይሆናል። ለዕቃ ማጠቢያ የሚሸጠውና በገበያችን በተለምዶ ላርጎ የሚባለው ፈሳሽ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ የተለየ ነው። የሚሠራውም በኮስቲክ ሶዳ ከተስተካከለ ሰልፎኒክ አሲድና ነጋዴዎች ቴክሳፖን ከሚሉት አጣቢ ንጥረ ነገር ሲሆን፣ በዚያ ላይ ጨው፣ ቀለም፣ ሽቶና ከብልሽት የሚጠብቅ መድኃኒት ይጨመርበታል፤ የቀረው ሁሉ ውኃ ነው። እውነተኛው ሳሙና ኖራ ከሚበዛበት ውኃ ጋራ ሲገናኝ ነጭ አተላ ይሠራል፤ ይህኛው ግን በእንዲህ ያለው ውኃ ውስጥም ተግባሩን በደህና ይፈጽማል።

ከዚህ ቀጥሎ ሊታወቅ የሚገባው፣ ውፍረት የጥንካሬ ምልክት አለመሆኑ ነው። አጣቢው ንጥረ ነገር ጥቂት ሆኖ ሳለ በጨው ወይም በሌላ ማወፈሪያ ፈሳሹን ማር ማስመሰል ይቻላል። ጨው ከልኩ ሲያልፍ ደግሞ ያው የወፈረው ተመልሶ ይቀጥናል። ይህ ጸሐፊ በሚሠራበት መደብር ከጥቂት ዓመታት በፊት 40 ጀሪካን ወፍራም ፈሳሽ ሳሙና በርካሽ ዋጋ ተገዝቶ ነበር። 3 ሳምንት ሳይሞላ ደንበኞች «አንዱ ሊትር 4 ቀን እንኳ አልበቃንም» እያሉ ይመልሱ ጀመር። የመደብሩ ባለቤት ገንዘባቸውን መልሰው የተረፈውን ለመጋዘን ወለል ማጠቢያ አዋሉት፤ ከሄዱት ደንበኞች ግን ሁሉም አልተመለሱም።

ስለዚህ ነጋዴ ሲገዛ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት አጣቢው ንጥረ ነገር ከመቶ ስንት እጅ እንደሆነ ነው። ለምሳሌ ያህል አንዱ ፈሳሽ ኪሎው 100 ብር ሆኖ ከመቶ 10 እጅ፣ ሌላው 150 ብር ሆኖ ከመቶ 20 እጅ አጣቢ ቢኖረው፣ በመጀመሪያው 100 ግራም አጣቢ በ100 ብር፣ በሁለተኛው 200 ግራም በ150 ብር ይገዛል። እንግዲህ የመጀመሪያው ግራሙ 1 ብር፣ የሁለተኛው 75 ሳንቲም ነው ማለት ነው። ውድ መስሎ የታየው በእርግጥ የረከሰው ነው።

ሻጩ ልኩን የማይናገር ከሆነ በመደብር ውስጥ ቀላል ፈተና ማድረግ ይቻላል። ሁለቱን ፈሳሾች በእኩል መጠን በእኩል ውኃ በጥብጦ፣ እኩል ዘይት የተቀቡ ሳህኖችን አንድ በአንድ በየውኃው ማጠብና አረፋው ፈጽሞ እስኪጠፋ ድረስ መቁጠር ነው። ብዙ ሳህን ያጠበው ይበልጣል። ቤተ ሙከራዎችም ከዚህ ጋራ የሚመሳሰል ዘዴ አላቸው። በጠርሙስ አነቃንቆ አረፋ ማየት ግን ቅባት ስለሌለበት ብዙ አያስረዳም። ደግሞም በመለኪያ ወረቀት ፒኤቹን ማየት ይገባል፤ ለእጅ ዕቃ ማጠቢያ ወደ 7 የሚጠጋው ይመረጣል፤ ኮስቲክ ሶዳው የበዛበት እጅን ይልጣል።

በቤት አጠቃቀም ረገድ ዋናው ጥፋት አብዝቶ ማፍሰስ ነው። ደህና ፈሳሽ ከሆነ ለ5 ሊትር ለብ ያለ ውኃ 1 የሻይ ማንኪያ ይበቃል። አስቀድሞ ትርፍራፊውን መጥረግ፣ የደረቀውን መዘፍዘፍ፣ ከዚያም ብርጭቆውን በፊት፣ ቅባት የነካውን ድስት በመጨረሻ ማጠብ ይገባል። ለብ ያለው ውኃ ቅባቱን ስለሚያላላ ሳሙናውን ያግዘዋል። ሳሙና ሲበዛ የማለቅለቂያው ውኃም አብሮ ይበዛል፤ ውኃ በፈረቃ በሚደርስባቸው ሰፈሮች ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም። ጀበናንና ሸክላ ድስትን ግን ሸክላው ፈሳሹን ስለሚመጥ ያለ ሳሙና ማጠብ ይሻላል።

ለባለሱቆች በተለይ የምናሳስበው፣ ጀሪካን ከፍቶ ውኃ የመጨመር ልማድ እንዲቀር ነው። ውኃ ሲጨመር አጣቢው ብቻ ሳይሆን ከብልሽት የሚጠብቀው መድኃኒትም ስለሚሳሳ፣ ተሕዋስያን ይራቡበትና ፈሳሹ ይሸታል። እንደዚሁም ያልታጠበ ዕቃ ውስጥ በአሮጌው ላይ አዲስ መገልበጥ ጉዳት አለው፤ ዕቃውን ባዶ አድርጎ ማጠብና ማድረቅ ይቀድማል። በብርድ ጧት የደፈረሰ ፈሳሽ ግን ሲሞቅ ቢጠራ ተበላሽቷል ብሎ መጣል አይገባም። ጀሪካኑ ከፀሐይ ርቆ፣ ተከድኖ፣ ቀድሞ የገባው ቀድሞ እንዲወጣ ሆኖ ይቀመጥ።

እንዲሁም ደንበኞች በረኪናን ከአሲድ ወይም ከአሞኒያ ጋራ እንዳይቀላቅሉ መንገር የሻጭ ግዴታ ነው፤ የሚወጣው ጋዝ ትንፋሽን ይጎዳል።

በጀሪካን ላይ የሚጨመር ውኃ ለአንድ ቀን ትርፍ ይመስላል። ደንበኛው ግን ሳሙናው ቶሎ ሲያልቅበት ሒሳቡን በቤቱ ያደርጋል፤ በሚቀጥለው ጊዜም የሚገዛው ከሌላ ሱቅ ነው።