ኤሊ ከሐርላ አዲስ አበባ ስትሄድ

ከድሬዳዋ በስተደቡብ ምሥራቅ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው ሐርላ ለሩቅ መንገድ እንግዳ አይደለችም። በ2009 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ቁፋሮ የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ ብቻ ሳይሆን ከማልዲቭ የመጣ ቅርስና የግብፅ ሳንቲምም አውጥቷል። ሳንቲም ግን ሙቀትና ብርድ አያውቅም። ዛሬ ከዚሁ አካባቢ ቤቱን ነቅሎ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው በግቢው ያኖራትን ኤሊ ከዕቃው ጋር ቢጭናት፣ ከመንገጫገጩ ይልቅ የሚጎዳት የአየሩ መለዋወጥ ነው። ኤሊ እንደ እኛ ከውስጧ ሙቀት አታመነጭም፤ ያለችበት አየር ሲሞቅ ትሞቃለች፣ ሲቀዘቅዝ ትቀዘቅዛለች። መንገዱ ደግሞ አንድ ዓይነት አየር የለውም። ደንገጎን ወጥቶ ቁልቢ ላይ ይበርዳል፤ ጭሮን አልፎ አዋሽ ሲወርድ ያቃጥላል፤ ከአዳማ በኋላ እንደገና ሽቅብ ነው።

«ቅርፊት አላት፣ ምን ትሆናለች?» የሚል አይጠፋም። ቅርፊቱ ግን ከአከርካሪዋና ከጎድን አጥንቷ ጋር የተጋጠመ ሕያው አካል እንጂ የምትደበቅበት ቤት አይደለም፤ ከአዳኝ ጥርስ ቢያድናትም ከፀሐይ አያድናትም። «ታዲያ በመንገድ እንዳትራብ እናብላት» የሚለው ርኅራኄም ይጎዳታል። ሰውነቷ ሲቀዘቅዝ መፍጨት ስለምታቆም የበላችው ሆዷ ውስጥ ይቦካል። ጤነኛና ትልቅ ኤሊ ከጉዞው አንድ ቀን በፊት መብላት ብታቆም አትጎዳም። ውኃ ግን ሌላ ነገር ነው። የደረቅ አገር ኤሊ ስትደነግጥ ያጠራቀመችውን ሽንት ትለቃለች፤ ያ ደግሞ የውኃ ስንቋ ነው። ስለዚህ በዋዜማው ለብ ያለ ውኃ እስከ አገጯ ሳይደርስ ዝቅ ባለ ሳፋ ጨምሮ እሷን ውስጡ ማቆየት ይበጃል። ከዚያም ከእሷ ጥቂት ብቻ የሚሰፋ፣ ጎኑ የተበሳሳ ካርቶን ወይም የእንጨት ሳጥን ገለባ ተነጥፎበት፣ ሸራ ሥር ሳይሆን ጋቢና ውስጥ ይቀመጥ። ጨለማው ያረጋጋታል። ለምሳ አዋሽ ሲቆም ሳጥኑ አብሮ ይውረድ፤ የተዘጋ መኪና በደቂቃዎች ምድጃ ይሆናል። የነካት ሰው ሳይበላ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ኤሊ የሳልሞኔላ ተሕዋስ ልትይዝ ትችላለችና።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ ግን «አዲስ አበባም ግቢ ውስጥ የሚኖሩ ኤሊዎች አሉ» የሚለው ነው። መኖራቸው ደህና መሆናቸውን አያሳይም። የኤሊ ሕመም ቀስ ብሎ ነው የሚገለጠው፤ አፍንጫዋ ሲፈስ፣ አፏን ከፍታ ስትተነፍስ ከታየች ቆይቷል ማለት ነው። 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ለቆላ ኤሊ ከባድ ስለሆነ፣ ቤት ውስጥ የሚያሞቅ አምፖል ያለው ጥግ ያላዘጋጀ ሰው ባያንቀሳቅሳት ይሻላል። ማንቀሳቀሱም ቢሆን ለባለቤቱ ብቻ የተተወ አይደለም። በሕግ የዱር እንስሳ መያዝ ፈቃድ ይጠይቃል፤ የጭነት መኪናው ከመከራየቱ በፊት የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንን መጠየቅ ይቀድማል።