ዋናም ዱላ ቅብብል አለው

ማለዳ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ለሚወጣ የጉለሌ ሰው ሯጭ ማየት ብርቅ አይደለም። ቅብብልም እንግዳ አይሆንበትም፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ዴንማርክ፣ ኦርሁስ ላይ በተካሄደው የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና ሁለት ወንዶችና ሁለት ሴቶች የተሰለፉበት ቡድናችን በድብልቅ ቅብብል ወርቅ አጥልቋል። የውሃው ቅብብል ግን ለብዙዎቻችን ሩቅ ነው።

በዋና ቅብብል ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ዱላ የለም። አራት ዋናተኞች በተራ ይዋኛሉ፤ ውሃ ውስጥ ያለው ግድግዳውን ሲነካ ቀጣዩ ከመነሻው ላይ ይወረወራል። ውድድሩ የሚያምረውም የሚያስፈራውም በዚህች ቅጽበት ነው። ተረኛው ጓደኛው ሲቃረብ ክንዱን ማወናጨፍ፣ ሰውነቱን ወደ ፊት መጣል ይችላል፤ የእግሩ ጣት ግን ጓደኛው ግድግዳውን እስኪነካ ከመነሻው መለየት የለበትም። በትልልቅ ውድድሮች ይህን የሚለካው ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ሲሆን፣ የሚታለፈው መቅደም 3 መቶኛ ሰከንድ ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ የአራቱም ድካም ውድቅ ይሆናል። በልኩ የተነሳ ግን ምልክት ጠብቆ ከሚነሳ ዋናተኛ ግማሽ ሰከንድ ያህል ያተርፋል። በግል ክብረ ወሰንነት ሊመዘገብ የሚችለው የመጀመሪያው ዋናተኛ ሰዓት ብቻ የሆነውም ለዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2008 የቤጂንግ ኦሎምፒክ በወንዶች 4 በ100 ሜትር ነጻ ቀዘፋ ፍጻሜ አሜሪካዊው ጄሰን ሌዛክ የመጨረሻውን ተራ የተረከበው ከፈረንሳዊው አለን በርናር ኋላ ሆኖ ነው። 50 ሜትር ሲቀረው በመካከላቸው የሰው ቁመት የሚያህል ውሃ ነበር። ሌዛክ ግን ተከታትሎ ደረሰበት፤ ተራውን በ46.06 ሰከንድ ጨርሶ አገሩ በ8 መቶኛ ሰከንድ አሸነፈች። በግል ውድድር እንዲህ ፈጥኖ አያውቅም። የመነሻው ትርፍ ብቻውን ይህን አያስገኝም፤ ሦስት ጓደኞቹ ገንዳው ዳር ቆመው እየጮኹለት ነበር።

ሌዛክ የወጣው ከኮሌጅ ዋና ነው፤ ለካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ባርባራ ይዋኝ ነበር። በአሜሪካ ኮሌጆች ዋና ሻምፒዮና በግል አንደኛ የወጣ ለቡድኑ 20 ነጥብ ሲያስገኝ፣ አንደኛ የወጣ የቅብብል ቡድን 40 ያስገኛል። ስለዚህ አሰልጣኙ በአንድ ኮከብ ብቻ ዋንጫ አያነሳም፤ አራተኛውንም ልጅ ማብቃት ግድ ይለዋል።

እኛ ጋ የጎደለው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ለንደን ላይ ያኔት ስዩምና ሙሉዓለም ግርማ፣ በ2016 ሪዮ ላይ ሮቤል ኪሮስና ራሔል ገብረሥላሴ፣ ከዚያም በቶኪዮ አብዱልማሊክ ሙክታር፣ በፓሪስ ሊና ዓለማየሁ ኦሎምፒክ ገንዳ ውስጥ ገብተዋል፤ ሁሉም በግል ውድድር። ሮቤል 100 ሜትሩን በ1 ደቂቃ ከ4.95 ሰከንድ ጨርሶ ከ59 ዋናተኞች የመጨረሻው ሲሆን የውጭ ጋዜጦች ተሳለቁበት። ያ ስላቅ ዛሬም ያንገበግበኛል። የሯጮች አገር ልጅ ሆኖ ውሃን መምረጥ ድፍረት ይጠይቃል፤ ከጎኑ እኩያ ተፎካካሪ ሳይኖር መፍጠን ደግሞ እጅግ ከባድ ነው። አንድ ዋናተኛን ቤተሰብ ሊያሳድግ ይችላል። አራት እኩዮችን በየቀኑ አንድ ገንዳ ላይ ለማገናኘት ግን ተቋም ያስፈልጋል፤ ከኮሌጅ የተሻለ ተቋም አይታየኝም።

ጉለሌ ለዚህ ቅርብ ናት፤ ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል ጥቂት ወረድ ሲሉ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስድስት ኪሎ ግቢ ይገኛል። የእንጦጦ ግርጌ ብርድ ግን በቀላሉ የሚታይ አይደለም፤ ጣሪያና ማሞቂያ የሌለው ገንዳ ክረምት ላይ ሥራ ይፈታል። ኮሌጅ መርዳት የሚፈልግ ባለሀብት ወይም የቀድሞ ተማሪ ከዋንጫና ከማሊያ በፊት ለማሞቂያው፣ ለአሰልጣኙና ለሕይወት አድን ሠራተኛው ደመወዝ ቢያስብ ይሻላል። ባለ 50 ሜትር ገንዳ የግድ አይደለም፤ በዓለም ሻምፒዮና ደረጃ እንኳ በ25 ሜትር ገንዳ ይወዳደራሉ።

ለጀማሪ ኮሌጅ የሚስማማው ድብልቅ ቅብብል ይመስለኛል። በቶኪዮ ኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደውና ብሪታንያ ያሸነፈችበት 4 በ100 ሜትር ድብልቅ ቅብብል ሁለት ሴቶችና ሁለት ወንዶች ጀርባ፣ ደረት፣ ቢራቢሮና ነጻ ቀዘፋን የሚከፋፈሉበት ነው። የትኛውን ቀዘፋ ሴት፣ የትኛውን ወንድ ይዋኝ የሚለውን የሚወስነው ቡድኑ ስለሆነ፣ አንዱ መስመር ላይ ወንድ፣ ጎኑ ላይ ሴት ሲዋኙ ይታያል፤ ማን እየመራ እንደሆነም እስከ መጨረሻው ተራ መናገር ያስቸግራል። ብዙ ዋናተኛ ለሌለው ግቢ ሁለት ሴትና ሁለት ወንድ ተማሪዎች ለመነሻ ይበቃሉ።